ለወጣት አሽከርካሪ የትኛው ገደብ ይሻላል? የአማራጮች ንጽጽር

ስለ ወጣት አሽከርካሪዎች ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ የመንጃ ፈቃድ ዕድሜ ከፍ ይበል ይላል፤ ሌላው በምሽት መንዳት ይከልከል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ችግሩ ሥልጠናው ላይ ነው ብሎ ሁለቱንም ያጣጥላል። ሦስቱም ስለ አንድ ጉዳይ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ የሚያቀርቡት መፍትሔ የሚነካው የችግሩ ክፍል ለየቅል ነው። ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ሕግ ለማርቀቅ ለተቀመጡ፣ በረቂቅ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ለተጠየቁ፣ እንዲሁም ሕጉ ያለውን ቢል የመኪናውን ቁልፍ ለልጃቸው መስጠትም መንፈግም ለሚችሉ ወላጆች ነው።

አደጋው የቱ ጋ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመግደል የትራፊክ አደጋ ቀዳሚ ነው። ይህ አኃዝ እግረኛውንም ብስክሌት ነጂውንም ተሳፋሪውንም የሚያጠቃልል ስለሆነ ሁሉንም ጥፋት በወጣት አሽከርካሪዎች ላይ ለመጫን አይበቃም። ስለ ራሳቸው ስለ አሽከርካሪዎቹ ስናነሣ ግን ሁለት ነገሮች ተደራርበው እናገኛለን፤ አንዱ ልጅነት፣ ሌላው ለማጅነት ነው። ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ለማጅነት ደግሞ ከዕድሜ ጋር አይያያዝም፤ የ40 ዓመት ለማጅም ቢሆን ዓይኑ ከመኪናው አፍንጫ ብዙ አይርቅም፣ ስፖኪዮ ማየት ይረሳል፣ ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ሕፃን ሊወጣ እንደሚችል ቀድሞ አይጠረጥርም።

ልጅነትን ጊዜ ይፈውሰዋል። ለማጅነትን የሚፈውሰው መንዳት ብቻ ነው፤ አደጋ ላይ የሚጥለውም እሱው መንዳት ነው። ክርክሩን ሁሉ የሚያወሳስበው ይህ ነው።

ለውሳኔ እጅግ የሚጠቅመው እውነታ ግን ሌላ ነው። ለማጁ ከጎኑ ልምድ ያለው ሰው ተቀምጦ ሲነዳ የሚያደርሰው አደጋ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ብቻውን መንዳት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት አደጋው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያም በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም ገደብ መመዘን ያለበት ለእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ምን ይፈይዳል በሚል ነው።

የመመዘኛ ነጥቦች

አማራጮቹን ከማንሣታችን በፊት መለኪያውን መቁረጥ ይገባል፤ አለበለዚያ ሁሉም ሰው የወደደውን አማራጭ በሚያሳምርለት መለኪያ ይለካል። እዚህ የተጠቀምንባቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። ገደቡ የሞትና የከባድ ጉዳት አደጋን መቀነሱ በተግባር ታይቷል ወይ? ትራፊክ ፖሊስ በመንገድ ላይ፣ ወላጅ በቤት ሊያስከብረው ይችላል ወይ? ሸክሙ የሚያርፈው በማን ላይ ነው፤ በተለይ የማታ ሥራ ያለው ወይም አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ የሚኖር ወጣት ምን ያጣል? ለመንግሥትም ለቤተሰብም ስንት ያስወጣል? በመጨረሻም፣ ገደቡ ልምድ ለመቅሰም ዕድል ይሰጣል ወይስ አደጋውን ለከርሞ ያሳድራል?

የፈቃድ ዕድሜን ከፍ ማድረግ

ይህ ለመናገርም ለማስከበርም ቀላሉ አማራጭ ነው፤ የልደት ቀን ማየት ብቻ ይበቃል። የሚያሽከረክሩት ሰዎች ቁጥር ስለሚቀንስ በታገደው ዕድሜ ላይ ያለው አደጋም ይቀንሳል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ዝቅተኛውን ዕድሜ ከ15 ወደ 16 ከፍ አድርጋለች። በአንጻሩ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ከ18 ወደ 17 ዝቅ አድርጋዋለች፤ ምክንያቱም ወጣቶች ወደ ሥራና ወደ ሙያ ሥልጠና መድረስ አልቻሉም የሚል ነበር። ሁለት አገሮች በአንድ ጥያቄ ላይ ተቃራኒ መንገድ መያዛቸው ጥያቄው የደኅንነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

የዚህ አማራጭ ድክመት ለማጅነትን አለመንካቱ ነው። 18 ዓመት እስኪሞላው መሪ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ በ18 ዓመቱ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ዕድሜው 15 ወይም ከዚያ በታች በሆነበት ቦታ ከፍ ማድረጉ ሊያስኬድ ይችላል፤ 18 በሆነበት ቦታ ወደ 20 ወይም 21 መግፋት ግን ከሚያድነው ሕይወት ይልቅ የሚዘጋው የሥራ በር ሊበዛ ይችላል ባይ ነኝ።

ከአጃቢ ጋር የሚደረግ ረጅም ልምምድ

በክርክሩ መድረክ ድምፁ ብዙም የማይሰማው፣ በእኔ ግምት ግን የመጀመሪያውን ወንበር ሊይዝ የሚገባው አማራጭ ይህ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 የልምምድ ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ ስታደርግ የፈቃዱን ዕድሜ ግን 18 ላይ ተወችው። ዕድሉን የተጠቀሙት ወጣቶች የልምምድ ሰዓታቸው ከእጥፍ በላይ አድጎ ወደ 120 ገደማ ደረሰ፤ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ያደረሱት አደጋም በ40 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአውስትራሊያዎቹ ኒው ሳውዝ ዌልስና ቪክቶሪያ ግዛቶች ደግሞ 120 ሰዓት የተመዘገበ ልምምድ በሕግ ይጠይቃሉ። ጀርመንም በ17 ዓመት ፈቃድ ሰጥታ እስከ 18 ዓመት ያለ አጃቢ እንዳይነዳ የሚያደርግ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 በአንድ ግዛት ሞክራ በ2011 በአገር አቀፍ ደረጃ ቋሚ አድርጋዋለች። በዚያ መንገድ ያለፉት ብቻቸውን መንዳት ሲጀምሩ ያደረሱት አደጋ ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር።

አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ወደ ልምምድ የሚገቡት ቤተሰቦች ቀድሞውኑ ጠንቃቆቹ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከልዩነቱ የተወሰነው የልምምዱ ሳይሆን የቤተሰቡ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ በዚህ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

120 ሰዓት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢነዳ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። አባት በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ፍሬን በሌለበት ወለል ላይ እየተጫነ፣ ልጁ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሲለቅ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት እየሰማ፣ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ የሚያሳልፋቸው ምሽቶች ናቸው። መኪና ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ ነዳጅ የሚችል ቤተሰብ ያስፈልጋል። እናትና አባት መኪና ለሌላቸው ልጅ ሕጉ መንገድ ካላበጀለት ሰዓቱ በአሠልጣኝ ገንዘብ ይሞላል፤ ወይም ደግሞ በሐሰት ፊርማ። ጥሩው ረቂቅ ከባለሙያ አሠልጣኝ ጋር የተነዳውን ሰዓት በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ እንዲቆጠር ያደርጋል፤ ኒው ሳውዝ ዌልስ ለተወሰኑ ሰዓታት እንዲህ ታደርጋለች። ሰዓቱ ውስጥም በጨለማ፣ በዝናብና በፈጣን መንገድ የሚነዳው ድርሻ ተለይቶ ሊጠየቅ ይገባል። መቶ ሰዓት በአንድ ሰፈር መዞር መቶ ሰዓት ልምድ አይሆንም።

የተሳፋሪ ገደብ

በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው 16 እና 17 የሆኑ አሽከርካሪዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ተሳፋሪ ሲይዙ የሚሞቱበት ዕድል ብቻቸውን ሲነዱ ካለው ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በአንድ ተሳፋሪም ቢሆን ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ መኪና ውስጥ ገብቶ ማየት ይበቃል። መሪውን የያዘው ልጅ ፈቃድ ካገኘ አንድ ወር ሆኖታል። ከኋላ ሦስት ጓደኞቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የመሐለኛው ቀበቶ አላሰረም። ከፊት ያለው ዘፈን ይቀይራል፣ ስልኩን ወደ ሹፌሩ አዙሮ «ይህቺን እያት» ይላል። ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ያዘግማል። ከኋላ አንዱ «ምን ትጠብቃለህ? እለፈው እንጂ!» ይላል። ሹፌሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከጭነት መኪናው ኋላ ሁለት ኪሎ ሜትር ይታገሥ ነበር።

የኒውዚላንድ ሕግ ለጀማሪው አጃቢ ካልያዘ በቀር ተሳፋሪ መጫንን ይከለክላል፤ የኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ በላይ ተሳፋሪ እንዳይጭን ያግዳል። የቤተሰብ አባላት በአብዛኛው በእገዳው አይካተቱም። ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ክርክር ቀልድ አይደለም፤ አራት ጓደኛሞች በአንድ መኪና ከመሄድ ይልቅ በአራት መኪና ቢወጡ አራት ለማጆች መንገድ ላይ ይሆናሉ፤ ያልጠጣ አንድ ጓደኛ ሌሎቹን ወደ ቤት ማድረስም ይከለከላል። ገደቡ ተግባራዊ በሆነባቸው ቦታዎች የታየው ግን ጉዞው በአራት መኪና መከፋፈሉ ሳይሆን ከፊሉ ጉዞ መቅረቱ ነው። ገደቡን ለመቆጣጠር ለፖሊስ ቀላል ነው፤ ከውጭ ሆኖ ራስ መቁጠር ይቻላልና። የተሳፋሪውን ዕድሜ በዓይን መገመት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ በዕድሜ ከተለየ ገደብ ይልቅ በቁጥር የተቀመጠው ይሻላል።

የምሽት ሰዓት እላፊ

የሌሊት ማሽከርከር ለማንም አደገኛ ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ድካሙ፣ ጨለማውና ከኋላ ያሉት ጓደኞች አንድ ላይ ይመጡበታል። ገደቡ ውጤት የሚያመጣው መቼ እንደሚጀምር ሲታወቅ ነው። አብዛኛው የወጣቶች የምሽት አደጋ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ከምሽቱ 6 ወይም 7 ሰዓት የሚጀምር ገደብ ፈረሱ ከወጣ በኋላ በሩን እንደ መዝጋት ነው። የኒውዚላንድ ገደብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። ፖለቲከኞች ሰዓቱን የሚያዘገዩት ተቃውሞን ለማብረድ ነው፤ ሕጉ ይጸድቅላቸዋል፣ ፋይዳው ግን ይሄዳል።

በዚህ አማራጭ ሸክሙ የሚወድቀው በሆስፒታል፣ በሆቴልና በመጋዘን የማታ ፈረቃ በሚሠሩ ወጣቶች ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባለሥልጣናት ለዓመታት የዚህን ዓይነት ገደብ ሳይቀበሉ የቆዩት በዚሁ ስጋት ነው። መልሱ ገደቡን መተው ሳይሆን ለሥራና ለትምህርት የሚሰጥ የጽሑፍ ፈቃድ ማዘጋጀት ነው፤ ወረቀቱ ሰዓቱንና የጉዞውን መስመር የሚገልጽ ከሆነ በመንገድ ላይ ማጣራት አያስቸግርም።

አልኮልና ስልክ

በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2007 ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑና በሙከራ ጊዜ ላሉ ጀማሪዎች አልኮልን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ በአሜሪካም ሁሉም ግዛቶች ከ21 በታች ለሆኑት ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የትንፋሽ መመርመሪያ ባለበት ማስከበሩ ግልጽ ነው፤ ማንም የሚያጣው የሥራ ዕድል የለም፤ «ምንም» የሚለው ልክ ደግሞ «ትንሽ» ከሚለው ይልቅ ለወጣት ለመረዳት ይቀላል። ስልክን መከልከል በሐሳብ ደረጃ እኩል ትክክል ነው፤ ሆኖም ከመስተዋት ጀርባ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ስልክ ማየት ለፖሊስ አስቸጋሪ ስለሆነ ውጤቱ ከአልኮሉ ያነሰ ነው።

የፍጥነት፣ የሞተር ጉልበትና የምልክት ገደቦች

ፈረንሳይ ጀማሪዎች በፈጣን መንገድ ላይ ከ130 ይልቅ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ ታደርጋለች። ሰሜን አየርላንድ ጀማሪዎችን ለበርካታ ዓመታት በ72 ኪሎ ሜትር ወስና ኖራለች፤ የመንገዱ ፍሰት ከዚያ በላይ ሲሆን ለማጁ ከኋላው የሚቀድሙትን ይሰበስባል፣ ይህም የራሱ አደጋ አለው። ጣሊያንና ቪክቶሪያ ከክብደቱ አንጻር ኃይለኛ ሞተር ያለውን መኪና ለጀማሪ ይከለክላሉ፤ ምክንያታዊ ነው፣ ነገር ግን አብዛኛው ወጣት የሚነዳው የቤተሰቡን አሮጌ መኪና ስለሆነ የሚነካው ጥቂቱን ነው።

የጀማሪ ምልክት በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይለጠፋል። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ቀይ ምልክት ስታስገድድ ብዙ ወላጆች ልጃቸው በመንገድ ላይ ለክፉ ሰው ይጋለጣል ብለው ተቃውመዋል። ምልክቱ ለብቻው ማንንም አያድንም፤ ሌሎቹን ገደቦች ለማስከበር ግን ፖሊሱ ማንን ማስቆም እንዳለበት ያሳየዋል።

ተጨማሪ ሥልጠና

ሥልጠና ሁሉም ወገን የሚወድደው አማራጭ ነው፤ ማንንም አያስቀይምምና። ማስረጃው ግን ቀዝቃዛ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ዴካልብ አውራጃ 16 ሺህ ገደማ ተማሪዎችን በዕጣ ከፋፍሎ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ጠንካራ ሥልጠና ያገኙት ላይ ዘላቂ የአደጋ ቅነሳ አላገኘም። ሥልጠና የወሰዱ ቶሎ ፈቃድ እንዲያገኙ ማድረግ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ሥልጠናው ካዳነው ይልቅ ቀድሞ መንዳት መጀመሩ ያጠፋል። ተንሸራታች መንገድ ላይ መኪና መቆጣጠርን የሚያስተምሩ ኮርሶች ወጣቱን «ልቆጣጠረው እችላለሁ» ወደሚል ድፍረት ሊገፉት ይችላሉ። መሠረታዊ ሥልጠና የግድ ነው፤ በገደብ ምትክ ሲቀርብ ግን ጥንቃቄ ያሻል።

በመኪናው ውስጥ ተገጥሞ ፍጥነትንና ድንገተኛ ፍሬንን የሚመዘግብ መሣሪያም አለ፤ ኢንሹራንስ ድርጅቶች በቅናሽ ያበረታቱታል። የሚረዳው መረጃው ለወላጅ ደርሶ ወላጁ ሲያነጋግር ነው፤ መዝግቦ ዝም የሚል መሣሪያ ብዙ አይለውጥም።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | አደጋን የመቀነስ ማስረጃ | ማስከበር | በወጣቱ ላይ ያለው ሸክም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ዕድሜ ከፍ ማድረግ | በታገደው ዕድሜ ላይ ጥሩ፣ ከዚያ በኋላ ደካማ | በጣም ቀላል | ከባድ | አነስተኛ |
| ረጅም የአጃቢ ልምምድ | ጠንካራ | መካከለኛ፣ ፊርማ ይጭበረበራል | በጊዜና በነዳጅ | በቤተሰብ ላይ ከፍተኛ |
| የተሳፋሪ ገደብ | ጠንካራ | ቀላል፣ በቁጥር ከሆነ | መካከለኛ | አነስተኛ |
| የምሽት ሰዓት እላፊ | ጠንካራ፣ ቀደም ብሎ ከጀመረ | መካከለኛ | ለማታ ሠራተኛ ከባድ | አነስተኛ |
| አልኮል ፈጽሞ መከልከል | ጠንካራ | ቀላል፣ መመርመሪያ ካለ | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ |
| ስልክ መከልከል | መካከለኛ | አስቸጋሪ | የለም ማለት ይቻላል | አነስተኛ |
| ፍጥነትና የሞተር ጉልበት | የተወሰነ | መካከለኛ | ቀላል | አነስተኛ |
| የጀማሪ ምልክት | ለብቻው ደካማ | ቀላል | ቀላል | በጣም አነስተኛ |
| ተጨማሪ ሥልጠና | ደካማ | ቀላል | በገንዘብ | ከፍተኛ |

አንድ ላይ ሲጣመሩ

አብዛኞቹ ገደቦች በአንድነት ሲታሰሩ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ይባላሉ፤ ልምምድ፣ ከዚያ የተገደበ ፈቃድ፣ ከዚያ ሙሉ ፈቃድ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀመረችው፤ ዛሬ በአሜሪካ ሁሉም ግዛቶች በየመልካቸው አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጠንካራ ሥርዓት ባላቸው ግዛቶች የ16 ዓመት ልጆች የሞት አደጋ በ26 በመቶ ያነሰ፣ የ18 ዓመቶቹ ደግሞ በ12 በመቶ የበዛ ሆኖ አግኝቶታል። አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ወጣቶቹ ገደቡን ሽሽት እስከ 18 ዓመታቸው ጠብቀው ያለ ልምድ መንገድ መግባታቸው ነው። ከዚህ የምንወስደው ገደቡ መያያዝ ያለበት ከልደት ቀን ይልቅ ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ጋር መሆኑን ነው። ኒው ጀርሲ ገደቡን እስከ 21 ዓመት ባሉ ጀማሪዎች ሁሉ ላይ የጣለችው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ይረዳል።

ለማን የትኛው?

የትራፊክ ፖሊስ ቁጥር አነስተኛ፣ ገንዘብም የተወሰነ በሆነበት ቦታ ሁሉንም አንድ ላይ ማወጅ ሁሉንም በአንድ ላይ መርሳት ነው። የተሳፋሪ ቁጥርን መወሰን፣ አልኮልን ፈጽሞ መከልከልና የጀማሪ ምልክትን ማስለጠፍ በዝቅተኛ ወጪ የሚጀመሩ ናቸው፤ ረጅሙ ልምምድ ደግሞ መዝገብ ሲደራጅ ይቀጥላል።

የሕዝብ ትራንስፖርት በሌለበት ገጠር ዕድሜን ከፍ ማድረግ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ይሁን፤ የምሽቱ ገደብም የሥራና የትምህርት ፈቃድ ሳይዘጋጅለት አይታወጅ። ትራንስፖርት በሞላበት ትልቅ ከተማ ግን ጥብቅ የምሽት ገደብ የሚያስከፍለው ዋጋ አነስተኛ ስለሆነ ሰዓቱን ቀደም አድርጎ መጀመር ይቻላል። ሰዎች በ20ዎቹ መጨረሻ ፈቃድ በሚያወጡበት አገር የምሽትና የተሳፋሪ ገደብ ለአዋቂ ጀማሪ ተገቢነቱ ያጠራጥራል፤ የአልኮሉ ክልከላና ረጅሙ ልምምድ ግን ለማንኛውም ለማጅ ይሠራሉ።

ቤተሰብ ሕግ መጠበቅ የለበትም። በጀቱ ጠባብ ከሆነ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ገንዘቡ ነዳጅ ይሁን፤ ልጁ ከጎንዎ ሆኖ በጨለማና በዝናብ ይንዳ። መኪና የሚገዛም ከሆነ ኃይለኛውንም እጅግ ትንሹንም ትቶ፣ መኪናው ሲንሸራተት ራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ያለውን መካከለኛ መኪና መምረጥ ይሻላል። ፈቃዱ በወጣ ቀን ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ስምምነቱ ይጻፍ፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጉዞ የለም፣ ጓደኛ አይጫንም፣ ስልኩ በኋላ ወንበር ላይ ባለ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ስምምነቱ ወላጁንም ይመለከታል፤ ልጁ መንገድ ላይ እያለ የሚደውለው ብዙውን ጊዜ «የት ደረስክ?» ባዩ ወላጅ ነውና። ስድስቱ ወራት ያለ ግጭት ሲያልፉ በአንድ ጓደኛ ይጀመር፤ በቀን፣ በሚያውቀው መንገድ። ምሽቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።